ያልተሰበረው የባሕር ሣር

ከእኔ ትይዩ የተኛችው ነፍሰ ጡር የወንድ ካልሲ ነው የምታደርገው። በጠያቂ ሰዓት መጋረጃዋን ትዘጋለች። ራስጌዋ ላይ ከሞክፖ ከተማ ገበያ የተገዛ፣ ለአራስ ሾርባ የሚሆን ረጅም የደረቀ የባሕር ሣር አቁማለች፤ ከታጠፈ ወይም ከተሰበረ ምጥ ይጠናል ስለሚባል ማንንም አታስነካም። የእኔን ይገዛሉ የተባሉት አማቴ እስካሁን አልገዙልኝም። በዚያም ቀንቼባታለሁ።

ሁለታችንም የተኛነው የእንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ የማህፀን በር አጠገብ ስለተቀመጠ ነው። ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ ሁለታችንንም በአልትራሳውንድ አየና እሷን፣ «ማህፀንሽ ሲያድግ ወደ ላይ ይዞት ወጥቷል። በምጥ መውለድ ትችያለሽ፤ ቤትሽ ግቢ» አላት። የእኔ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ዕቃ እንዳታነሺ፣ ደም ካየሽ ቶሎ ተጣሪ ተባልኩ።

ቅናት አንገበገበኝ። እግሬን የምታሸኝን እናቴን፣ «ምን የተለየ ነገር ብታደርግ ነው የእሷ የወጣላት?» አልኳት።

«ዝም በይ ናክዮንግ፣ ትሰማሻለች።»

ሴትዮዋ አንዱን ቀሚስ ደጋግማ ታጥፋለች። «ትንሽ ብደማ ኖሮ ታቆዩኝ ነበር አይደል?» አለቻት ነርሷን። ነርሷ ቀልድ መስሏት ሳቀች።

ከዚያ የባሕር ሣሩን እንደ ሕፃን አቅፋ ወደ እኛ መጣች።

«እማማ» አለቻት እናቴን ቀስ ብላ፣ «ይሄን አራሷ ራሷ ብትቀቅለው ነውር አለው?»

እናቴ እግሬን ወደ ዳር ገፋ አድርጋ አልጋዬ ላይ ቦታ ለቀቀችላት።