በውሰት የመጣ ልጅ

ባለፈው ሰሞን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ የአራስ ልጇን ፎቶ በስልክ ላከችልኝ። እጁም እግሩም ይታያል፤ ፊቱን ግን በቀይ የልብ ምልክት ሸፍናዋለች። እሷ እኮ የሕፃናት ነርስ ናት፤ ሁለተኛ ዲግሪዋንም የሠራችው እኔው ዘንድ ነው። «ዓይን ፈርተሽ ነው?» ብላት «ኧረ እንዲያው እንዲያምር ነው» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ልቤ ግን ወዲያው ሸፍቶ ወደ መካነ ሰላም፣ ወደ ወጣትነቴ መስከረም ሄደ።

ደሴ ነርስነት ስማር ነው። ደርግ ወድቆ ሰው አዲሱን መንግሥት ገና እየተለማመደ ነበር፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ወደ ቀበሌ መውጣት አልጀመሩም ነበር። ለልምምድ መካነ ሰላም ስንመደብ፣ ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ በእግራችን እየሄድን ኮረብታ ላይ ካለች አንዲት መንደር እንደርስ ነበር። ጠዋት ጉሙ ከሸለቆው ይወጣና መንገዱን ይውጠዋል። ከፊቴ የሚሄዱት አስተማሪያችን ሲስተር ታደለች አንዳንዴ ድምፃቸው ብቻ ይቀራል። ያገኘን ገበሬ ሁሉ የባቄላ እሸት ያሸክመናል፤ እየፈለፈልን በጥሬው እንበላለን። ዛሬም ጥሬ ባቄላ ስቀምስ እግሬ ጭቃ የረገጠ ይመስለኛል።

ሚዛናችንን ከመንደሯ መሃል ካለች ወይራ ላይ እንሰቅላለን። ከሥሩ እግር ማስገቢያ ያለው ጨርቅ አለው፤ ሕፃኑ እንደ ሱሪ ለብሶት ተንጠልጥሎ ይመዘናል። የእኔ ድርሻ ማልበስና ማውለቅ ነበር። የመጣነው የከሱ ልጆችን ለይተን ወደ ጤና ጣቢያ ለመላክ ነው፤ የከሳ ልጅ ግን ጠፋ። የሚመጣው ሁሉ ድንቡሽቡሽ ያለ ነው። ምን ያለ የተባረከ አገር ነው እያልን እንገረም ነበር።

አንድ ቀን አንድ ሕፃን ገና ጨርቁን ሲያይ እግሮቹን አንስቶ ጠበቀኝ። ሌሎቹ ሲንጠለጠሉ ይጮኻሉ፤ እሱ እየተወዛወዘ ይፍለቀለቃል። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ሴት ሌላ ልጅ አዝላ መጣች፤ ያም እግሮቹን አነሣ። ጉንጩን አየሁ፤ ከቅንድቡ በላይ ያለችውን ጠባሳ አየሁ። ያው ራሱ ነው፤ ልብሱን ቀይረውለታል እንጂ!

ሴትየዋ ዘይነባ ትባላለች፤ በእኔ ዕድሜ ያለች ናት። ጠጋ ብዬ በቀስታ «ይሄ የማን ልጅ ነው?» አልኳት።

«የኔ...» አለችና መጨረስ አቃታት። «የጎረቤቴ ነው። ጀማል።»

«ያንቺስ?»

«የኔማ ከስቷል። ምን ብዬ ለሰው ዓይን አወጣዋለሁ? ጀማልን ሸሁ ዱዓ አድርገውለታል፤ ዓይን አይደፍረውም።»

«ታዲያ ዝም ብለሽ አትቀሪም ነበር?»

ግርም ብሏት አየችኝ። «ኧረ በአላህ! ያን ሁሉ ጭቃ ረግጣችሁ መጥታችሁ፣ እንግዳ ባዶውን ይመለሳል?»

ወሎ እንዲህ ነው። እንግዳ ቅር እንዳይለው ልጅ ይዋሳሉ። ልስቅ ነበር፤ ቤት ስለቀረው ልጅ ሳስብ ሳቄ ደረቀ።

ሲስተር ታደለች ሲሰሙ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ሚዛኑን ትተው «ነይ፣ ቤቷ እንሂድ» አሉኝ።

ልጇ እንድሪስ ጓዳ ውስጥ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ተኝቷል። ክንዱን በሁለት ጣት ስይዘው ጣቶቼ ይተርፋሉ፤ ለቅሶው ድምፅ አልነበረውም። ፈራሁ። እንዲህ አጠገባችን ተኝቶ እያለ እኛ ደጅ ቆመን ስንገረም መክረማችን አንገበገበኝ።

«ዘይነባ ልጄ» አሉ ሲስተር ታደለች፣ «ካልታከመ ያመልጥሻል።»

«መንገድ ላይ ዓይን ቢያገኘውሳ?»

«በኔ ጋቢ ትሸፍኝዋለሽ።»

«ሲመዘንሳ ሊገለጥ አይደል?»

«አይገለጥም። ጤና ጣቢያ የአዋቂ ሚዛን አለ። መጀመሪያ እንደታቀፍሽው ትቆሚያለሽ፤ ቀጥሎ ለኔ ሰጥተሽ ብቻሽን ትቆሚያለሽ። የጎደለው የሱ ክብደት ነው።»

ዘይነባ ጋቢውን ተቀበለች። ከዚያ «ቢስሚላህ» ብላ ልጇን አነሣችው።

ስንወርድ ጉሙ ተመልሶ ነበር። የሚያልፈን ሰው «ሰላም ዋላችሁ» ይላል፤ መልሳችንን ሳንጨርስ ይጠፋል። «አላህም ሸፈነልኝ» አለች ዘይነባ። እኔ ከኋላቸው ሆኜ ጋቢው ውስጥ ትንፋሽ መኖሩን ለመስማት ጆሮዬን ጥዬ ነበር የምሄደው።

ጤና ጣቢያ ወተት በማንኪያ ጠብ እያደረግን ሰነበትን። ይሻለዋል ስንል ይደክማል። አንድ ጠዋት ማንኪያውን በድዱ ነክሶ አልለቅም አለ፤ ዘይነባ ሳቀች፣ እኔ አለቀስኩ።

ስመረቅ እዚያው መካነ ሰላም ደረሰኝ። በቀጣዩ መስከረም ሚዛኑን ይዤ ወደ መንደሯ ወጣሁ። አንዲት የማላውቃት ሴት ሙልት ያለ ልጅ ታቅፋ መጣች። ልጁ አየኝ፤ እኔም አየሁት። እንድሪስ ነው! ዘይነባ ከወይራው ጀርባ አፏን በሻሿ ይዛ ትስቃለች። ተራው ደርሶ እሱም በውሰት መጥቷል።

«ማሻአላህ» አልኩ ደስ ብሎኝ። ከዚያ ለሴትየዋ «ይሄስ ግሩም ነው። ያንቺን ደግሞ ቤት ሄደን እንየው» አልኳት። አንገቷን ደፍታ ወደ ቤቷ መራችኝ።

አሁን ፀጉሬ ሸብቷል፤ ነርሶችን አስተምራለሁ፤ ስለ ሕፃናት ጤና አጠናለሁ። ተማሪዎቼ ከመስክ ተመልሰው «ያየናቸው ሁሉ ደህና ናቸው» ሲሉኝ፣ ያላዩአቸው የት እንዳሉ እጠይቃለሁ። አሮጊቷ ነገር ታበዛለች እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ይበሉ። ያን ቀን ሚዛናችንን ጠቅልለን ብንወርድ እንድሪስ መጋረጃው ጀርባ ይሞት ነበር። እኛም በዚያች መንደር የከሳ ልጅ የለም ብለን፣ ደስ ብሎን፣ እየተሳሳቅን እንገባ ነበር።