ቀዩ ደሙ የዘገየበት ነው

መጽሐፎቼን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከትቶ የሱቁ ጓዳ ያስገባቸው ታላቅ ወንድሜ ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። እኔ ግን ያን ቀን ፍርሃቱን አላየሁለትም። ያየሁት የከረጢቱ አፍ በሲባጎ መታሰሩን ነው።

ነገሩ የጀመረው ከዐይኔ ነው። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ሲቀረኝ፣ ነገሌ በምሠራበት መዝገብ ቤት፣ ረፋድ ላይ ደብዳቤ እያነበብኩ ሳለ በግራ ዐይኔ ላይ ጥቁር መጋረጃ ወረደ። ሕመም የለው፣ ምን የለው። ቀኙን ጨፍኜ ብሞክር ድቅድቅ ጨለማ። ጥቂት ቆይቶ መጋረጃው ተነሣ። ለማንም አልተናገርኩም። በሳምንቱ ሱቁ ውስጥ ከወንድሜ ጋር ቆመን ስናወራ፣ ቀኝ እጄ የያዘውን ብርጭቆ ለቀቀው። "ምን ሆንሽ?" ሲለኝ "ምንም" ልለው ፈለግሁ፤ ቃሉ አልመጣም። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ አፌ ግን ሌላ ነገር አለ። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ሆኜ ወደ ራሴ ተመለስኩ።

"ንባቡ ነው!" አለ ወንድሜ፣ ለገባ ለወጣው ደንበኛ ሁሉ። "ሁሉም በልኩ ቢሆን መልካም ነበር። በሃያ ስምንት ዓመቷ ፊደል የቆጠረች ሴት፣ ይኸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከወረቀት ላይ ቀና አትልም። ጭንቅላት ነው እኮ፣ የወፍጮ ድንጋይ አይደለም!"

ዕድሜዬን በትክክል ነው የጠራው። አባታችን ከጉራጌ ጨርቅ ተሸክሞ የመጣ ነጋዴ ነበር፤ እናታችን የቦረና ልጅ ናት። ወንድሜን ትምህርት ቤት ላኩት፤ እኔን ስኳር ስመዝን ሚዛን አላዛባም ብለው ባንኮኒ ኋላ አስቀሩኝ። መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ማንንም ሳልጠይቅ የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። ለሕፃናት በተሠራ ዴስክ ላይ ጉልበቴ አልገባ ብሎ፣ ወደ ጎን ተቀምጬ ነው "ሀሁ" ያልኩት። ያኔም ሰፈሩ ስቆብኛል። ማንም ያልሰጠኝን ማንም ሊወስድብኝ ነው? እንዲያ ነበር የማስበው፣ ከረጢቱን እያየሁ።

ወንድሜ ያበቃው በከረጢቱ አልነበረም። የእናታችንን ወንድም፣ በኦሮምኛ አቡያ የምንለውን፣ ከገጠር አስጠራው። አቡያ ዕድሜውን በከብት ያሳለፈ፣ ዋግምትም የሚያውቅ ሽማግሌ ነው።

"አካም?" አለኝ ከበሩ።

"ናጋ።"

"ናጋ ከሆንሽ፣ ደኅና ከሆንሽ፣ እኔን ምን አስጠራኝ? ከዚያ ድረስ መጥቻለሁ፤ ትንሽ እንኳ ታመሚልኝ እንጂ።"

ሳቅሁ። እሱ ግን ሳቄን ሳልጨርስ ከኮሮጆው የሚያግምበትን ቀንድ አወጣ። "ደምሽ በዝቶ ነው። አንገትሽ ላይ ተጠራቅሞ ዐይንሽን ጋረደው። ሁለት ቀንድ ሙሉ ቢወጣልሽ ይቀልልሻል።"

"አይሆንም፣ አቡያ። መጀመሪያ አንገቴ ውስጥ ያለው ይታይ።"

"የውስጥ ነገር እንዴት አድርጎ ይታያል?"

"ይታያል። አንብቤያለሁ።"

"ይኸው!" አለ ወንድሜ እጁን እያጨበጨበ። "አላልኩም? አንብቤያለሁ አለች!"

አቡያ ተቀየመኝ። በሕይወቱ ቀንዱን የመለሰበት ሰው አልነበረም። ቢቀየምም ይቀየም፤ አንገቱ የኔ ነው። በማግስቱ ባጃጅ ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ማዳመጫውን በቀኝ አንገቴ ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ፤ ወደ ግራው ሲያዞር ቆየ፣ ደግሞ መለሰው። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደኝን ወረቀት ጻፈ።

ወንድሜ ብቻዬን አልለቀቀኝም። በአዶላ፣ በሐዋሳ አድርገን እስክንደርስ ድረስ የአውቶብሱን መስኮት ንፋስ ይመታታል ብሎ አላስከፍት አለ። አዲስ አበባ አንገቴን በአልትራሳውንድ ሲያዩት፣ ወደ አንጎል ደም ከሚያወጡት ከሁለቱ ትልልቅ ሥሮች የግራው ሙሉ በሙሉ ተደፍኖ ተገኘ። የቀረው ጥያቄ፣ በግራ ያለው አንጎሌ በምን ይኖራል የሚለው ነበር። እሱን ለማየት ሌላ ቦታ ቀጠሩኝ። በክንዴ ፈሳሽ ሰጡኝ፤ ሙቀቱ ጉሮሮዬን አልፎ እስከ እግሬ ወረደ። ማሽኑ ራሴን ከቦ እያጓራ፣ ፈሳሹ በአንጎሌ ውስጥ ሲያልፍ ደጋግሞ ፎቶ አነሣኝ። አልተነቃነቅሁም። ሥራ ማለት ለኔ እንዲህ ነው፤ ከተሠራ ተጠንቅቆ።

ውጤቱን የምትነግረን ሐኪም ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። ምስሉን በኮምፒውተሯ ከፍታ፣ ወንበሯን ወደ ወንድሜ አዞረች። "እንግዲህ አባቴ፣ የእኅትዎ..." ብላ ስትጀምር አቋረጥኳት።

"ዶክተር፣ የታየው የኔ ራስ ነው። ለኔ ይንገሩኝ።"

"እንዳይረበሹ ብዬ ነው፣ እናቴ።"

"የምረበሸው ካልነገሩኝ ነው። እዚያ ላይ ያለውንም ልየው።"

ፈገግ ብላ ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው። እንደ ተቆረጠ ሎሚ ለሁለት የተከፈለ ክብ ነው። አንደኛው ወገን ሰማያዊ፤ ሌላኛው፣ ትልቅ ቦታ ይዞ፣ ቀይ። ወንድሜ ከመቀመጫው ተነሣ።

"አያችሁ! አቡያ ምን አለ? ደም ሞልቶባታል! ያን ጊዜ ብትታገም..."

"የለም፣ አባቴ" አለች ሐኪሟ። "ይህ ሥዕል የሚያሳየው የደሙን ብዛት አይደለም፤ የሚደርስበትን ጊዜ ነው። ሰማያዊው ቶሎ የደረሰበት ነው። ቀዩ ደሙ የዘገየበት ነው።"

ወንድሜ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"ዘገየ እንጂ ቀረ አላሉም" አልኳት።

"አልቀረም። የግራው ሥር ቢዘጋም፣ ከቀኙና ከኋላ ካሉት ሥሮች እየዞረ ይመጣል። የሚመጣው ጥቂት ስለሆነ፣ እዚህ ያሉት ሥሮች ራሳቸውን በርግደው ከፍተው ይጠብቃሉ፤ አንጎልዎም ከዚያች ጥቂት ደም ኦክስጅኗን አሟጦ ይወስዳል። እንደዚያ ነው የሚኖረው።"

"ከዚያም ላይ ቢቀነስበት?"

"መጠባበቂያ የለውማ! ለዚህ ነው ደም መፍሰስ፣ ውሃ መጠማት፣ መድኃኒት ማቋረጥ የማይሆነው። የተደፈነውን ሥር ከእንግዲህ አንከፍተውም። ያለውን ነው የምንጠብቀው።"

አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር፤ ከነገሌ ይዤው የመጣሁት። "ማንበብ ይጎዳዋል?"

ወንድሜ አንገቱን አሰገገ። ሐኪሟ ግራ ተጋብታ ሁለታችንንም አየች። "ማንበብ? ማንበብ ሥር አይዘጋም። የዘጋው በዓመታት የተጋገረ ስብ ነው። የደም ግፊት ነበረብዎት?"

እዚህ ላይ መዋሸት እችል ነበር። ነበረብኝ። ከዓመታት በፊት ክኒን ታዞልኝ፣ ራስ ምታቱ ሲተወኝ በገዛ እጄ ያቆምኩት እኔ ነኝ። የመዝገብ ቤቱን ደብዳቤ ሁሉ በቁጥሩ የማስቀምጥ ሴት፣ ክኒኔን ረሳሁት እንኳ ልል አልችልም፤ ተውኩት። ወንድሜ እየሰማ ተናገርኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የመጽሐፉ አይደለም።

ስንመለስ አቡያ ቂሙን እንደያዘ ሱቁ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ቀንዱ ኮሮጆው ውስጥ ነው። በወረቀት የታተመውን ምስል አሳየሁት። ቀዩን በጣቱ ነካ።

"ይኸው ደሙ" አለ።

"አቡያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከላም ለመጠጥ ደም ስትቀዱ፣ አንገቷን በጠፍር አስራችሁ በቀስት የምትወጉት የትኛዋን ነው?"

"የወፈረችውን ነዋ።"

"በድርቅ ከከሳችው፣ ለመቆም ከሚያቅታትስ?"

"ምነው ልጄ? ከከሳች ላም ደም የሚቀዳ ዕብድ ነው! እዚያው ትሞትበታለች።"

"ይህ ቀዩ የከሳችው ላም ነው።"

ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ኮሮጆውን አንሥቶ ከወንበሩ ሥር ወደ ውስጥ ገፋው። "አስጠርቶ አንቺን በእጄ ሊያስገድለኝ ነበር" አለ ወደ ወንድሜ በአገጩ እያመለከተ። "ነገሩን ሳይነግረኝ!"

እኔ ጓዳ ገባሁ። የከረጢቱን ሲባጎ በመቀስ ቆረጥኩት፤ መፍታቱን ለወንድሜ አልተውኩለትም። አንድ መጽሐፍ አውጥቼ፣ አቡያ አጠገብ ተቀምጬ፣ ደንበኛ እያየ፣ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ክኒኔን በየጠዋቱ እውጣለሁ፣ አንድ ገጽም አነባለሁ፤ ያን ቀን የወሰንኩት ይህን ነው፤ እስካሁንም አልተዛነፈም።

ገጹ መሐል አንድ ቃል ላይ ቆምኩ። ዐይኔ ያየዋል፣ አፌ አልያዘውም። ወንድሜ ከባንኮኒው ወጥቶ መጽሐፉን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። "ይበቃሻል አሁን" አለኝ፣ እንደ መለመን ብሎ።

"ቆይ፣ ጋሼ።"

ልዘለው እችል ነበር፤ ማንም አያውቅብኝም። አልዘለልኩትም። እጁ ፊቴ ላይ እንደተዘረጋ ጠበቅሁ። ቃሉ መጣ። አነበብኩት፣ ቀጥሎ ያለውንም አነበብኩ።

ወንድሜ እጁን ሰብስቦ ወደ ባንኮኒው ተመለሰ።