ከ18 ማዞሪያ አየር ጤና፣ የሞተ ኮምፒውተር ታቅፌ

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሬን በአሮጌ አንሶላ ጠቅልዬ ከቤት ወጣሁ። ጉዳዬ አንድ ነበር፤ እትዬ ዘይነባ የሞተ ልጃቸውን ድምፅ እንዲሰሙ ማድረግ። ድምፁ ያለው እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ አልነሣ ብሏል።

መንገዱን ከመጀመሬ በፊት ጥፋቴን ልናገር። የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነኝ። ሴት ስለሆንኩ ኮልፌ ውስጥ የሙስሊም ሰርግ ሲኖር ለሴቶቹ ድንኳን እኔ እጠራለሁ። የእትዬ ዘይነባን ሴት ልጅ ሰርግም የቀረጽኩት እኔ ነኝ። የዚያን ቀን የሙሽራዋ ወንድም ሙባረክ ከድንኳኑ ጀርባ ወሰደኝና «ለእማ የምላት አለኝ፣ ቅረጪኝ። ቪዲዮው ሲያልቅ ትስማው፤ እስከዚያ አፍሽን ያዢ» አለኝ። ቀረጽኩት፣ አፌንም ያዝኩ። ከሁለት ወር በኋላ ለቤተሰቡ ሳይናገር በባህር ወደ ሳዑዲ ተነሣ። ጀልባዋ ተገለበጠች፤ አስከሬኑ እንኳን አልተገኘም።

ቪዲዮውን በሁለት ሳምንት አስረክባለሁ ብዬ ነበር። ስምንት ወር ሞላው። እኛ ቀራጮች እንዲህ ነን፤ ሰርጉን አንስተን የምናስረክበው ሙሽራዋ ልጅ ስትወልድ ነው። እትዬ ዘይነባ በመጡ ቁጥር «ነገ፣ እትዬ» እላለሁ። ለቅሶው ላይ ሙባረክ ያስቀረጸኝን ነግሬያቸው ነበር፤ ከለቅሶው በኋላ መጥተው በሬ ላይ ቆሙና «ሰርጉን ተዪው፤ የሱን ብቻ ስጪኝ» አሉ። ያን ጊዜ አፈርኩ።

የዚያኑ ቀን ፋይሉን ልገለብጥ ስል ኮምፒውተሩ እየደነዘዘ ይቆማል። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ መፍትሔው ባዮሱን ማደስ ነው ይላል። ባዮስ ማለት ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚያነበው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለች አንዲት ቺፕ ውስጥ የተጻፈ ፕሮግራም ነው። ማደስ ጀመርኩ። እኛ ግቢ አምስት ተከራይ ነን፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው፣ ባለካርድ። በየተራ እንሞላዋለን። እድሳቱ ግማሽ ሲደርስ መብራቱ ድርግም አለ። ልራገም አፌን ስከፍት የጎረቤት አምፖል በርቶ አየሁ። መብራት አልሄደም፤ ካርዱ አልቆ ነው። ተራው ደግሞ የኔ ነበር።

ካርድ ሞልቼ ቁልፉን ስጫን ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሿን ባትሪ አውጥቼ መለስኩ። ሚሞሪውን አንድ በአንድ እየቀየርኩ ሞከርኩ። ምንም የለም።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ፌርማታው

18 ማዞሪያ ላይ የጦር ኃይሎች ታክሲ ወዲያው ተገኘ። ረዳቱ ጥቅልሉን አየና «እናት፣ ዕቃው ይከፍላል» አለኝ።

«ጭኔ ላይ ነው የምይዘው።»

«ጭንሽም ላይ ቢሆን ይከፍላል።»

ለሁለት ሰው ሠላሳ ብር ከፈልኩ። ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ «ምን ታቅፈሽ ነው እንዲህ የተከዝሽው?» አሉ። ኮምፒውተር ነው፣ ሞቶብኝ ላሳክመው ነው አልኳቸው። «ይኼም ይሞታል?» አሉና ሳቅ አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

ሦስት ሰዓት፣ ጦር ኃይሎች

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ሱቅ ገባሁ። ጥገናው ላይ ያለው ጎረምሳ አምስት ደቂቃ እንኳን አላየውም። «ማዘርቦርዱ ሞቷል። ያገለገለ አለኝ፣ በአሥራ አራት ሺህ እገጥምልሻለሁ» አለ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለውና «ዲስኩ የተቆለፈ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ተቆልፏል። የቆለፍኩት እኔ ነኝ። የሰርጉ ጊዜ የሙሽራዋ አክስቶች ሒጃብ ያወለቁ ሴቶች ምስል ሾልኮ ስልክ ላይ እንዳይዞር ስለፈሩ አስማሉኝ። ዲስኩን ቆለፍኩና ረጅሙን የቁልፍ ቁጥር በወረቀት ጽፌ ለሙባረክ አማና ብዬ በአደራ ሰጠሁት። «ሌላ ቅጂ እንዳይኖርሽ» ስላሉኝ የቁጥሩንም የቪዲዮውንም ሌላ ቅጂ ለራሴ አላስቀረሁም። ኮምፒውተሩ የራሱን ማዘርቦርድ እስካወቀ ድረስ ቁጥር ሳይጠይቅ ይከፈታል፤ ስለዚህ ስምንት ወር ሙሉ ወረቀቷን አስቤያትም አላውቅ።

«ቁልፉ ከሌለሽ ማዘርቦርድ መቀየሩ ዋጋ የለውም» አለኝ። «ይኼንኑ ማስነሣት አለብሽ። አየር ጤና ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ቺፕ የሚጽፉ ሰው አሉ፣ ሞክሪ።»

ወረቀቷ ከሙባረክ ጋር ባህር ገብታለች ብዬ ነው ያሰብኩት። ደግሞስ እናትየው ፊት ቆሜ «የልጅዎን ኪስ ይፈልጉልኝ» ለማለት በምን አፌ?

አራት ሰዓት ተኩል፣ በቆሼ በኩል

የአየር ጤናው ታክሲ በዘነበ ወርቅ በኩል ሄደ። የቆሼ ሽታ ሲመጣ ማንም ሳይነግራቸው መስኮት ዳር ያሉት ሁሉ መስኮታቸውን ዘጉ። ክምሩ ላይ ሴቶች ጎንበስ ብለው በብረት መንጠቆ ቆሻሻውን ያገላብጣሉ። እኔም ከነሱ የተሻልኩ አልመሰለኝም፤ የጣልኩትን ነገር ፍለጋ ነው የምዞረው። ስወርድ ከመንገድ ዳር ሁለት ሳምቡሳ በሠላሳ ብር ገዛሁ። አንዱን በልቼ ሌላው አልወርድ ስላለኝ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

አምስት ሰዓት፣ አየር ጤና

ጋሽ ታደሰ ድሮ ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር። ሱቃቸው አንድ በር ናት። ጥፋቴን ሁሉ፣ የካርዱንም ጭምር ነገርኳቸው።

«ሞተ አይባልም፤ የሚያነበውን ነው ያጣው» አሉ። «ግን ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ። መቆለፊያውን የሚያስታውሰውም እዚያችው ቺፕ ላይ ነው። ግማሽ ተጽፎ ስለቆመ እሱም አብሮ ጠፍቶ ይሆናል። ቢነሣም ላያውቅሽ ይችላል።»

«ይሞክሩልኝ።»

መነጽራቸው ላይ ሌላ አጉሊ መነጽር ደረቡ። ስምንት እግር ያላትን ቺፕ በቆንጣጭ ያዙና ሽቦውን ከላፕቶፓቸው ጋር አገናኙ። መጀመሪያ ያለውን አንብበው አስቀመጡ፣ ከዚያ ትክክለኛውን ጻፉ፣ ከዚያ የጻፉትን መልሰው አመሳከሩ። አንድ ሰዓት ፈጀ። እኔ ዱካ ላይ ተቀምጬ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨረስኩ።

ቁልፉን ሲጫኑት ስክሪኑ በራ። እጃቸውን ይዤ ሳምኩ። ገና ሳልለቃቸው ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና የዲስኩን ቁልፍ ጠየቀ። አርባ ስምንት ቁጥር። ያነበቡትን የድሮውን መልሰው ጽፈው ሞከሩ፤ ጭራሽ ጨለመ። እንደገና አዲሱን ጻፉ፤ ያው ሰማያዊ።

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አወለቁ። «ማሽኑ ድኗል። የቀረው ወረቀቷ ናት። ካልሞተ ሰው ጋር ከሆነች ጠይቂ» አሉ። ከከፈልኳቸው ሺህ ብር ግማሹን መለሱልኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ኮልፌ

በመልሱ ታክሲም ለሁለት ከፈልኩ። ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ እትዬ ዘይነባ ጋ ሄድኩ። ከእንግዲህ ነገ ማለት አልቻልኩም። አንሶላውን ሳልፈታ አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ካርዱን፣ ቺፑን፣ ለሙባረክ የሰጠሁትን ወረቀት።

«ቁጥር በቁጥር የሆነች ወረቀት ናት?» አሉ።

«አዎ እትዬ። አይተዋታል?»

«ጃኬቱ ኪስ ውስጥ አገኘኋት። የደላላው ስልክ መሰለችኝ። እየከፋፈልኩ ስደውል ዋልኩ፣ አንዱም አይጠራም። ልብሱን ሰደቃ ያወጣሁ ቀን ከሰል ላይ ጣልኳት። ልጄን የበላ ቁጥር ይቃጠል ብዬ።»

ስምንት ወር የቆየሁት እኔ፣ ስለ ወረቀቷ አስቀድሜ ያልነገርኳቸው እኔ። «ይማሩኝ» ብዬ አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም።

«ሲናገር አንቺ ሰምተሻል አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው ተናገሪው።»

ከድንኳኑ ጀርባ የቀረጽኩበትን ቀን በሐሳቤ ይዤ ጀመርኩ። «እማ፣ ሳልነግርሽ ነው የምሄደው። ፊትሽን ካየሁ አልሄድም…»

«እንደሱ አይደለም» ብለው አቋረጡኝ። «እማ ሲል ያስረዝመዋል። ድገሚው።»

አስረዝሜ ደገምኩት። «እማ፣ ሳልነግርሽ ነው የምሄደው። ፊትሽን ካየሁ አልሄድም። መጀመሪያ ቆርቆሮውን አስቀይርልሻለሁ፣ ከዚያ ሐጅ እልክሻለሁ። እስከዚያ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

እትዬ ዘይነባ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ሳይገልጡት «አፉ ብዬሃለሁ» አሉ።

ቤት

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ። ቆጣሪው ላይ ካርድ ሞላሁ፤ ተራው የኔ አልነበረም። ኮምፒውተሩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ አበራሁት፤ ይነሣል፣ ቁልፉን ይጠይቃል፣ ይቆማል።

እትዬ ዘይነባ ከቤታቸው ስወጣ «ጁምዓ ነይና ድገሚልኝ» ብለውኛል። መንገድ ላይ ለራሴ ስለማመደው ተደናገርኩ። ቆርቆሮውን ነው ያስቀደመው ወይስ ሐጁን? እሳቸው ፊት ስናገር እርግጠኛ ነበርኩ፣ አሁን አይደለሁም። የልጁ ቃል ያለው እኔ ውስጥ ብቻ ነው፣ እኔ ደግሞ የማላስተማምን ዕቃ ነኝ። ይህን መንገድ ሄጄ የተማርኩት ይኼን ነው፤ ስለዚህ ጫማዬን ሳላወልቅ ቁጭ ብዬ የጻፍኩት ይህ ነው፣ ነገ ሳልል።