የተዛወሩት

ታቢታ ልትፈታው የተነሳችው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ነው፤ ከአዋሳ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ልጅን በእርግጥ የሚያስተምረው የትኛው ነው? ጥያቄውን ያመጣው ግን ንዴት ነው።

በ1975 ዓ.ም. መስከረም ላይ ልጇ ሮማን አዲስ ደብተሯን አቅፋ ስድስተኛ ክፍል ልትገባ ሄደች፤ ረፋዱ ላይ እያለቀሰች ተመለሰች። ዘበኛው «አንቺ ተዛውረሻል፣ ቆርቆሮ ሂጂ» ብሎ ከበር መልሷት ነው።

ቆርቆሮ የሚባለው ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ትምህርት ቤት ነው። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ስለሆነ ሰው ያወጣለት ስም ነው። ሮማን ከአንደኛ እስከ አምስተኛ የተማረችበት ደግሞ ብሎኬት ይባላል። በብሎኬት የስድስተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚወድቅ ተማሪ በመከራ ነው የሚገኘው። በዚህም ምክንያት የሶሻሊስት ውድድሩን ቀይ ሰንደቅ በየዓመቱ የሚወስደው እሱ ነው፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን እዚያ ለማስገባት የቀበሌ ሊቀመንበሩን ደጅ ይጠናሉ። ታቢታም ጠንታ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ማብራራት ያስፈልጋል፤ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በሱ ላይ ነውና። ተማሪ «ተዛወረች» ከተባለ ክፍሏን አልፋ ወደሚቀጥለው ገባች ማለት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ «ተዛወረ» ከተባለ ግን ጓዙን ጠቅልሎ ሌላ ቦታ ሄደ ማለት ነው። ባለፈው ሰኔ፣ በትምህርት መዝጊያው ቀን፣ የብሎኬት ዳይሬክተር ብዙአየሁ በድምፅ ማጉያ ስም ሲጠራ መጀመሪያ «ያለፉ» አለ፤ ቀጥሎ «የተዛወሩ» አለ። ሮማን ከሁለተኞቹ ነበረች። ታቢታ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤቷ እታፈራሁም የልጇ የበኃይሉ ስም ከዚያው ዝርዝር ሲጠራ አብራት እልል አለች። ብዙአየሁ መድረኩ ላይ ሆኖ እልልታውን እየሰማ ስም መጥራቱን ቀጠለ።

ታቢታ በመስከረሙ ዕለት ቢሮው ገብታ ልጇ ለምን እንደተመለሰች ጠየቀችው። ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «አማርኛው አልገባሽም እንዴ? ተዛውራለች ተባለ፤ ተዛወረች» አላት።

ታቢታ የሲዳማ ልጅ ናት፤ አማርኛን የለመደችው አዋሳ ገበያ ውስጥ ነው። ፊቷ ጋለ።

«እታፈራሁ ተወልዳ ያደገችው ደብረ ታቦር ነው፤ እሷም እልል ብላለች» አለችው። «ለእሷም አማርኛው አልገባትም?»

ብዙአየሁ ክፍሉ ስለጠበበ ነው፣ መመሪያም አለ፣ ብሎ በሩን አሳያት።

ታቢታ የምትኖረው የተማሪ ልብስ እየሰፋች ነው፤ ስንጀር የስፌት መኪናዋ በረንዳዋ ላይ ነው የሚቀመጠው። የብሎኬት ልብስ ሰማያዊ፣ የቆርቆሮ ካኪ ነው። በየመስከረሙ ሰማያዊ የለበሱ ልጆች መጥተው ካኪ ያሰፋሉ፤ እስከዚያ ቀን ቤት የቀየሩ ይመስሏት ነበር። አሁን ልጆቹን እየለካች እናቶቻቸውን ጠየቀች። ቤት የቀየረ የለም። ሁሉም አምስተኛን የጨረሱ፣ ሁሉም በሒሳብ የደከሙ ናቸው።

እንግዲህ ስሌቱን እንከተለው፤ ከገባን በኋላ ያስደንቃል። ብሎኬት ደካሞቹን ከፈተናው በፊት ይሸኛል። ለፈተና የሚቀመጡለት ድሮም የሚያልፉት ብቻ ናቸው። የተሸኙት በቆርቆሮ ስም ይፈተናሉ፤ ከወደቁም የሚወድቁት በቆርቆሮ ስም ነው። ያበላሸውን ጨርቅ ጎረቤቱ ደጅ እየጣለ «እኔ ጨርቅ አላበላሽም» እንደሚል ልብስ ሰፊ ማለት ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤትን ከትምህርት ቤት የሚያወዳድር ሰው ስንት አለፉ ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ አንደኛ ክፍል የገቡት ልጆች የት ደረሱ ብሎ ይጠይቃል።

ታቢታ ይህን ጥያቄ ይዛ ቆርቆሮ ሄደች። ከሰዓት ፈረቃ ነው፤ ክፍሉ ከመሙላቱ የተነሳ ልጆቹ መስኮት ላይ ሁሉ ተቀምጠዋል። መምህሩ አምሳሉ አዲስ የመጡትን ከፊት አስቀምጦ፣ ሸንኮራ እየቆረጠ ክፍልፋይ ያስተምራል። ሮማን ብሎኬት እያለች ክፍልፋይ በተባለ ቁጥር ደብተሯን ትደብቅ ነበር፤ እዚህ የሸንኮራውን ሲሶ ለይታ አውጥታ፣ ትክክል ነሽ ተብላ፣ እየመጠጠች ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ታቢታ ይህን ስታይ ደስ አላት፤ ወዲያው ግን ንዴቷ ባሰ። ብሎኬት አምስት ዓመት ሙሉ ይህን ማድረግ አቅቶት ነው?

ብሎኬትን ለምን እንደማይከስ አምሳሉን ጠየቀችው።

«ብከስ እኔም እዛወራለሁ» አላት እየሳቀ። «ለኔ ደግሞ እልል የሚልልኝ የለም።»

ታቢታ አልሳቀችም።

መጀመሪያ የፈለገችው ሮማንን ብሎኬት መመለስ ነበር። አሁን ያንን ትታዋለች። ሮማን ቆርቆሮ ትማር፤ ውጤቷ ግን አምስት ዓመት በያዛት ትምህርት ቤት ስም ይመዝገብ። በመጪው የቀበሌ ስብሰባ የተዛወሩት ልጆች እናቶች አንድ በአንድ ተነስተው የልጃቸውን ስም እንዲናገሩና ይህንኑ እንዲጠይቁ ትፈልጋለች። አንዲት ሴት ብቻዋን ብትነሳ አድኃሪ ተብላ ትቀመጣለች፤ ብዙ ሴቶችን ግን እንዲያ ብሎ ማስቀመጥ ይከብዳል። እታፈራሁ ባሏ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ ፈርታለች። «እኔ አልናገርም» ብላታለች፤ «ግን አጠገብሽ እቀመጣለሁ።»

ዛሬ ታቢታ የስፌት መኪናዋን ሸፍና ሐይቅ ዳር ወርቅነሽ ቤት መጥታለች። የወርቅነሽም ልጅ ከተዛወሩት ናት። ወርቅነሽ ዓሣ እያጠበች ሁሉንም ሰማቻትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«በመጨረሻ ልጄ ብትወድቅስ?»

«ትውደቅ» አለች ታቢታ። «ግን የጣሏት ሰዎች ስም ላይ ትውደቅ።»

ወርቅነሽ ዓሣዋን ማጠብ ቀጠለች። ታቢታም አልሄደችም። ነጠላዋን አጣፍታ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጠችና ስብሰባው ላይ ምን እንደሚባል እንደገና ከመጀመሪያው ታስረዳት ጀመር።