ፎቁ ሥር ያለው ሱቅ

አዋሽ ላይ መሬቱ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ሱቅ የምመርጠው ጣሪያውን አይቼ ነው። ድሮ አስቤዛ የምገዛው ከአንድ ፎቅ ሥር ነበር። ባለሱቁ የወሎ ሰው ናቸው፤ ዕቃቸው ንጹሕ ነው፣ በሚዛንም አያታልሉም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ እግሯን የሚያማት እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እየጠበቀችኝ ሽንኩርት ስመርጥ ወለሉ ከሥሬ ተወዛወዘ። የዘይት ጀሪካኖች ከመደርደሪያው ይወድቁ ጀመር። እናቴ ስሜን እየጠራች ጮኸች፤ እኔ ግን ከቆምኩበት መንቀሳቀስ አቃተኝ። ባለሱቁ ከባንኮኒው ኋላ ሮጠው ወጡና እናቴን አቅፈው አነሷት። «ያ አላህ! ውጪ እህቴ፣ ውጪ!» እያሉ እኔንም በትከሻቸው ገፉኝ። ደጅ ስንደርስ መንቀጥቀጡ አቆመ። እናቴ ግን እጄን ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችም።

ከዚያ ወዲህ ቲማቲሙን ፀሐይ ቢያጠወልገውም፣ ሸራ ሥር ከምትቸረችር ሴት እገዛለሁ። እናቴን ያወጡልኝን ሰው መሸሼ ስላሳፈረኝ በሳምንቱ ሱቃቸው ደጃፍ ቆሜ ሰላም አልኳቸው።

«ምነው፣ አትገቢም እንዴ?» አሉኝ።

«ፈራሁ፣ ጋሼ።»

«እኔስ መች አልፈራሁም? የምሄድበት ስለሌለኝ ነው እንጂ» አሉና የጠየቅኳቸውን ስኳር ደጅ ድረስ አመጡልኝ። ሲያቀብሉኝ ዓይናቸው ወደ ፎቁ ነበር።