የሸክላው ጉድጓድ አውሬ

በጠላት ዘመን እኔና የሚስቴ አባት የያዝነውን ሥራ ጤነኛ ሰው አይሠራውም። ያለቦታው ታየ የተባለ እንስሳ ሁሉ እናሳድዳለን። አማቴ መሪጌታ ናቸው፤ ማኅሌት በማይቆሙበት ቀን በመቋሚያቸው ኮቴ ይለኩበታል። እኔ ጠጉርና ላባ በሚስቴ ሙዳይ አጠራቅማለሁ፤ እሷ ታኮርፋለች። እስከዚያ ያገኘነው አንድ አዞ ብቻ ነበር፤ እሱም ግንድ ሆኖ ተገኘ። በአማት ፊት መሳቅ ነውር ነውና ሳቄን ውጬ ልፈነዳ ደርሼ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ግን እውነተኛ ኮቴ ተገኘ። ከርከሮ እንዳንል በጣም ትልቅ ነው። በሩቁ ያዩት ደግሞ፣ «ገላው እንደ ሰው ነው፤ ጠጉር የለውም» አሉን። አማቴ በደስታ እንቅልፍ አጡ። ኮቴውን እየተከተልን ብንለካ መነሻውም መድረሻውም ሸክላ ሠሪ ጎረቤታችን ጭቃ የምትቆፍርበት ጉድጓድ ሆነ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አማቴ ይህንኑ ለሕዝቡ በኩራት አወጁ።

ሸክላ ሠሪ በቡዳነት የምትታማበት አገር ነው። ሰዉ ወዲያው ገጣጠመው፤ አውሬው እሷ ናት ተባለ። ማሰሮዋን የሚገዛት ጠፋ። በሳምንቱ ደግሞ ካገር ትውጣ የሚል ምክር ተጀመረ። አማቴ ደነገጡ፤ እኔም አፈርኩ።

«እሷና አውሬው ባንድ ጊዜ፣ ባንድ ቦታ፣ በምስክር ፊት መታየት አለባቸው» አሉ አማቴ።

ሴትዮዋን ለምነን በጠራራ ፀሐይ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ አስቀመጥናት። ክፉኛ ሲያሟት የነበሩ ሦስት ሽማግሌዎችን ከቁጥቋጦ ሥር ደበቅን። ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀላ ያለ፣ ራቁቱን የወጣ የሚመስል ወፍራም ፍጡር እየተንከባለለ መጣና ጭቃው ውስጥ ዘፍ አለ። አማቴ «ያውና! ያውና!» እያሉ ሊለኩት መቋሚያቸውን ሲዘረጉ አዳለጣቸውና ከጎኑ ዘፍ አሉ። ከኋላው የጣሊያኖቹ ወጥ ሠሪ ገመድ ይዞ እያለከለከ ደረሰ። ለካ ከምሽጋቸው ያመለጠ አሳማ ኖሯል! አንደኛው ሽማግሌ ሴትዮዋን አየ፤ አሳማውን አየ፤ እንደገና ሴትዮዋን አየ። ያን ጊዜ ነውሩን ረስቼ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። አማቴም እዚያው ጭቃው ውስጥ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። አማቴ ይህን ሲያዩ ሳቃቸው ተቋረጠ። ጭቃቸውን እንኳ ሳይጠርጉ ድንጋይ አንስተው ትከሻቸው ላይ አደረጉና በፊቷ ጎንበስ አሉ።

«ስለ ማርያም ይቅር በይኝ፤ ስምሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ድንጋዩን ያውርዱት፣ መሪጌታ» አለች። «መሸከም ከፈለጉ ነገ ገበያ ነው፤ ማሰሮዬን ይሸከሙልኝ።»

በማግስቱ አማቴ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ማሰሮ በትከሻቸው አድርገው ደብረ ማርቆስ ገበያ መሐል ገቡ። እኔ እንስራ ተሸክሜ ከኋላ እከተላለሁ፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እሳቸውን እጅ ሊነሳ የተጠጋ ሁሉ ባለበት ቆሞ ቀረ። የማን ዕቃ ነው ብሎ የጠየቀ ካለ፣ በዚያ የማኅሌት ድምፃቸው «የእሷ ነው!» ይላሉ።

ከፊት የምትሄደው ሸክላ ሠሪ ቦታዋን ይዛ ተቀመጠች። የመጀመሪያዋ ገዢ ማሰሮውን ከእጇ ስትቀበላት፣ ሸክላ ሠሪዋ እንባዋ እንዳይታይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።