የቦናፔቲዋ ሴትዮ

በኖርዌይ፣ ወደ ሞርተንሩድ ሰፈር በሚሄደው ባቡር ውስጥ የምሥራች ፊት ለፊቷ የተቀመጡትን ሴትዮ ሰረቅ አድርጋ ታያለች። ኮፍያቸው ላይ «ቦናፔቲ» ይላል፤ የሚያጸዱት ምግብ ቤት ስም ነው። ፌስታላቸው ደግሞ «ቦናፔቲ» ከሚባል ሌላ ዳቦ ቤት ነው። ሁለቱም በፈረንሳይኛ መልካም ምግብ ይመኛሉ፤ እሳቸው ግን እስካሁን እህል አልቀመሱም። ምሳ ዕቃቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ውስጡ ሩዝና ሁለት ማንኪያ አለ። በመጨረሻ አጠገባቸው ላለው ኖርዌጂያዊ አስጠጉለትና «እንብላ» አሉት። ሰውዬው ፈገግ ብሎ ወንበር ቀየረ።

ሴትዮዋ ዕቃውን መልሰው ከደኑት።

«ብቻዬን አይወርድልኝም» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

የምሥራች መውረጃዋ ደረሰ። ተነሣችና ሰውዬው በለቀቀው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሴትዮዋ ቀና ብለው እንኳ አላዩአትም፤ ሁለተኛውን ማንኪያ በሶፍት ጠርገው አቀበሏት።